የአያቴ ሣጥንና የጎደለው መጽሐፍ

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ባለፈው ወር በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ አግኝቶኝ «ለሚመጣው እትም ስለ መጻሕፍት ጻፍልን፤ ከልብ ወለድ አንድ፣ ስለ ኅብረተሰብ ከሚናገሩት አንድ፣ ከሳይንስ አንድ፣ ከሃይማኖት አንድ እየመረጥህ ለተማሪው አስተዋውቅ» አለኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። አራት መጻሕፍት፣ አራት አንቀጽ፣ ከዚያ በኋላ ስምና ፊርማ። ወረቀት አቅርቤ ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ ግን ሦስቱ ወዲያው ሲመጡልኝ አራተኛው እምቢ አለ። እምቢ ያለበትም ምክንያት መጽሐፉን ስላላነበብኩት ነው፤ ያላነበብኩትም ስለ ሸጥኩት ነው። አንባቢዎቼ ከፈቀዱልኝ የታዘዝኩትን ትቼ ይህንኑ ልናዘዝ።

ቤታችን የነበረው ከየካ ተራራ ግርጌ፣ የየካ ሚካኤል ደወል በሚሰማበት ሰፈር ነው። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በጓሮው ጥቂት ጌሾና ሁለት ባሕር ዛፍ። የእናቴ አባት በልጅነታቸው ቅኔ እስከ መቁጠር የደረሱ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በማታ ትምህርት እንግሊዝኛና ሒሳብ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ኖሩ። እሑድ ከቅዳሴ አይቀሩም፤ ሰኞ ከሥራ አይቀሩም። ሌላ የሚወራ ታሪክ የላቸውም፤ ሣጥናቸውን ካልቆጠርን በቀር።

ሣጥኑ ከአልጋቸው ሥር የሚቀመጥ የእንጨት ሣጥን ነው። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው ያስሩት ስለ ነበር እኛ ልጆቹ ገንዘብ ያለበት ይመስለን ነበር። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ስበው ያወጡትና አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት አንድ ላይ አውጥተው፣ ከዚህ ጥቂት አንብበው ያንን ይገልጣሉ፤ ከዚያም እርሳሳቸውን በምራቅ አርሰው በኅዳጉ ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ። አንድ ቀን «አባባ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ለምን ሌላውን ይጀምራሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እየተሟገቱ ነው፤ ዝም በል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አያቴ ካረፉ በኋላ ቤተ ሰባችን ወደ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተዛወረ። የኮንዶሚኒየምን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አልጋ ከገባ ቁም ሣጥን አይገባም፤ ቁም ሣጥን ከገባ ሰው አይገባም። እናቴ ሣጥኑን አውጥታ ከፊቴ አስቀመጠችና «አንተ የተማርከው ነህ፤ የሚጠቅመውን ለይ፣ የቀረውን አንድ ነገር እናደርገዋለን» አለችኝ። እኔም የተማርኩት ነኝና ለየሁ።

እንዴት እንደ ለየሁ ልንገራችሁ። ልክ የመጽሔታችን አዘጋጅ እንዳዘዘኝ በአራት ክምር ለየሁ! በአንደኛው ክምር ዳዊቱን፣ ድርሳነ ሚካኤሉን፣ ከነአማርኛ ትርጓሜው የታተመውን መጽሐፈ ሔኖክን አስቀመጥኩ። በሁለተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ንና ሌሎች ልብ ወለዶችን። በሦስተኛው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ና አንዳንድ የታሪክ መጻሕፍትን። በአራተኛው ስለ ንብ እርባታ የሚናገር አንድ ቀጭን መጽሐፍ፣ የሒሳብ መማሪያ፣ የጂኦግራፊ መማሪያና ሽፋኑ የወደቀ፣ ስለ ከዋክብት የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። ከዚህ በኋላ ራሴን «እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ንብና ስለ ከዋክብት ምን አገባኝ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሃይማኖቱን ለእናቴ፣ ልብ ወለዱንና የኅብረተሰቡን ለራሴ አስቀርቼ አራተኛውን ክምር በሰፈሩ ሲያልፍ ለነበረው ቆራሌው ሸጥኩ። ቆራሌው መጻሕፍቱን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በአንድ ላይ መዘነ። በገንዘቡ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ማኪያቶ ጠጣንበት፤ ስለ ዕውቀት ክብርም ረዘም ያለ ንግግር እንዳደረግሁ ትዝ ይለኛል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። መጻሕፍትን በየዓይነታቸው መለየት በራሱ ጥፋት ነው አልልም። ቤተ መጻሕፍት ያለ ምድብ አይቆምም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከራሳችን በላይ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው ያገለገሉት ሰው፣ በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም ዘርዝረው ካታሎግ አሳትመዋል፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው እንደ ገና አሳተሙት። ነገር ግን እኚሁ ሰው የጻፉትን ራሱን በክምር እንለየው ብንል ምን ልናደርግ ነው? ስለ ሃይማኖት ጽፈዋል፤ ታሪክ ጽፈዋል፤ የጉዞ ማስታወሻ ጽፈዋል፤ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» በሚለው ልብ ወለድ ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር ሲጋጭ አሳይተዋል። አንዱን ሰው አራት ቦታ ቆራርጠን ማስቀመጣችን ነው። ካታሎግ ሠሪው የሚለየው መጽሐፉን ለማግኘት ነው፤ እኔ የለየሁት ለመጣል ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ አማርኛ ልብ ወለድ ስንማር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንድናነብ ታዘዝን። አብዛኛው ተማሪ በስልኩ ላይ ሲፈልገው እኔ የአያቴን ቅጂ ይዤ ስለ ነበር ኮራሁ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ያላነበበው የለም ይባላል፤ ያላነበበውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል እዚህ መተረክ ድፍረት ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ኅዳጉ ነው። አያቴ ስለ ፍቅሩ አንድም ቃል አልጻፉም። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ጋር በተጣሉበት ምዕራፍ ላይ ግን ኅዳጉ በእርሳስ ጠቁሯል። ጉዱ ካሳ በሚናገርባቸው ገጾች ሁሉ ደግሞ «ገ.ሕ.» የሚል ምልክትና የገጽ ቁጥር አለ።

«ገ.ሕ.» ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ገብረ ሕይወት ነው። የገጹን ቁጥር ይዤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ብገልጥ፣ እዚያም ኅዳጉ ላይ የእርሳስ ጽሕፈት ጠበቀኝ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዓድዋ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የተማረ፣ ገና በወጣትነቱ በ1911 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። ይህ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ቀደም ካሉት አንዱ ከመሆኑም በላይ ዛሬ የልማት ምሁራን በትልልቅ ቃላት የሚነግሩንን ነገር እሱ ገበሬ በሚገባው አነጋገር አስቀምጦታል። ሐሳቡን በራሴ ቃል ባሳጥረው እንዲህ ነው፦ የሀብት ምንጩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበረክተው ዕውቀት ነው፤ ስለዚህ ዕውቀት ያለውና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ አንዱ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ቀን ድካም ይዞ ይመለሳል። ቆዳና ቡና ጭነን ሸጠን የተሠራ ዕቃ ስንገዛ የሚሆነው ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ይህን ነገር ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍሬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ እንደ ገና ከፈትኩት።

አያቴ በአንድ ጎን ይስማማሉ። ፊታውራሪ መሸሻን የመሰለ ባላባት የሰው ድካም እየበላ ለገበሬው አንዳች ዕውቀት እንደማይጨምርለት ጽፈዋል፤ ከልብ ወለዱ ወደዚህ ያመጣቸውም ይህ ነው። ዝቅ ብለው ግን ከነጋድራሱ ጋር ይሟገታሉ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በሚለው ነገር ትይዩ ላይ እንዲህ የሚል ጽሕፈት አለ፦ «ገበሬው ሰማይ አይቶ ይዘራል። ይህስ ዕውቀት አይደለምን? ሔኖክን ተመልከት።» እንግዲህ ከልብ ወለድ ተነሥቼ በኢኮኖሚ በኩል አልፌ ወደ እናቴ ክምር፣ ወደ ሃይማኖቱ፣ ሄድኩ። እናቴ ዳዊት ልደግም የመጣሁ መስሏት ደስ አላት።

ስለ መጽሐፈ ሔኖክ ጥቂት ብናገር የሚከፋ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ነገሩን አናውቀውም። በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። በሌላው ዓለም ጠፍቶ በሙሉ ቃሉ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ ተደነቁ። ከዚያም ወዲህ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ስለ ተገኙ መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋግጧል። እኔ ስለ መላእክትና ስለ ፍርድ ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ከውስጡ አንድ ትልቅ ክፍል ከሞላ ጎደል የሰማይ ሒሳብ ነው! ፀሐይ በምሥራቅ በኩል በስድስት በሮች ትወጣለች፤ በምዕራብ በኩል በስድስት በሮች ትገባለች፤ ዓመቱ አራት ጊዜ 91፣ ማለት 364 ቀን ነው።

እዚህ ላይ የአያቴ እርሳስ አላረፈም። ከገጹ ግርጌ እንዲህ አስልተዋል፦ የእኛ ዓመት 365 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ በ364 ብንቆጥር በየዓመቱ አንድ ቀን ከሩብ ይጎድለናል፤ በ24 ዓመት 30 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ በ24ኛው ዓመት እንቁጣጣሽ በነሐሴ 6 ይውላል። ከሥሩም «አደይ ሳይፈነዳ እንቁጣጣሽ!» ብለው በቃል አጋኖ ዘግተዋል። ጥር በገባ በ12 ለሚካኤል ታቦቱን አጅበው የሚወርዱት ሰው፣ ድርሳኑን ስመው የሚያስቀምጡት ሰው፣ ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ቁጭ ብለው ሒሳብ ይተሳሰባሉ! እኔ ብሆን ወይ መጽሐፉን ተሳስቷል ብዬ እጥለው ነበር፤ ወይ ሒሳቡን እፈራው ነበር። እሳቸው ከሁለቱ አንዱንም አላደረጉም።

የሚቀጥለው ገጽ ግን ይበልጣል። ሔኖክ ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ይከፍለዋል። ቀኑ እጅግ በረዘመ ጊዜ 12ቱ ክፍል ለቀን፣ 6ቱ ለሌሊት ይሆናል ይላል፤ በእኛ ሰዓት 16 ሰዓት ቀን፣ 8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው። አያቴ ከዚህ ትይዩ «በየካ እንዲህ አይሆንም። ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ነው። ታዲያ ነቢዩ ያየው ከየትኛው አገር ሆኖ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ከጥያቄው ሥር ደግሞ በቀይ እርሳስ፣ በሣጥኑ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ በታየ ቀይ እርሳስ፣ «መልሱን አገኘሁ። ከዋ. 61» ይላል።

ከዋክብት፣ ገጽ 61።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አላስረዝመውም። ሁለት ማኪያቶ ጠጥቼበታለሁ ብያችኋለሁ።

በማግሥቱ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ቆሎና በርበሬ የሚሸጡትን እናቶች በምን ወረቀት እንደሚጠቀልሉ እያየሁ፣ የሚገዛ መስዬ፣ ስዞር ዋልኩ። የአንድ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ አየሁ፤ የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና አየሁ፤ ከዋክብት አላየሁም። የገዛኝን ቆራሌ ፈልጌ ባገኘው «ወንድሜ፣ እኔ በቀን ስንት ኪሎ ወረቀት እንደምይዝ ታውቃለህ?» አለኝ። ሰውዬው ትክክል ነው። እሱ በሚዛኑ የገዛውን በሚዛኑ ሸጠ፤ ያላመዛዘንኩ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በአራት ኪሎና በለገሃር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ሁሉ ጠየቅሁ። በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ስለ ከዋክብት የተጻፉትን ሳገላብጥ ዋልኩ። መጻሕፍቱ የሚያምሩ ናቸው፣ ሥዕላቸውም በቀለም ነው። ነገር ግን ኅዳጋቸው ነጭ ነው።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጠኝ ሰው አልጠፋም። አራት ኪሎ ፊዚክስ የሚያጠና የሰፈሬ ልጅ አለ። ከግቢው ሣር ላይ ተቀምጦ ከምሳው የተረፈችውን ብርቱካን አውጥቶ፣ በእስክሪብቶ ወገቧን አሰመረና በስልኩ መብራት እያበራ አስረዳኝ። ከምድር ወገብ አጠገብ እንደ እኛ ያለ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ለእኩል የተቃረበ ነው፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ የ16 ሰዓት ቀን የሚገኘው ፓሪስን በመሰለ ርቀት ላይ ነው። እኔም ነገሩን ተከታትዬ ባነብ፣ ሊቃውንቱ የሁለት እጅና የአንድ እጅ ክፍያው ከጥንት ባቢሎናውያን የሰማይ ሒሳብ የመጣ ነው እንደሚሉ አገኘሁ፤ በባቢሎን ራሷ እንኳ ረጅሙ ቀን ከ14 ሰዓት እምብዛም አይበልጥምና፣ ቁጥሩ በዓይን ታይቶ የተለካ ሳይሆን ለስሌት የተመቸ ልማድ ይመስላል። ጥሩ መልስ ነው። ብርቱካኗንም ተካፍለን በላናት።

ዳሩ ግን ይህ የፊዚክሱ ልጅ መልስና የሊቃውንቱ መልስ ነው። አያቴ በገጽ 61 ያገኙትና በቀይ እርሳስ ያሰመሩለት መልስ ምን እንደ ነበረ አላወቅሁም። ነቢዩን ወደ ሰሜን ሰደዱት ይሆን? ወይስ ቁጥሩን ምሳሌ ነው ብለው ተረጎሙት? የአንድምታ ሊቅ ጆሮ የነበራቸው ሰው ናቸውና «አንድም» ብለው ሁለቱንም ይዘው ይሆናል። ምናልባትም በዚያ ኅዳግ ላይ ወደ ጉዱ ካሳ የሚመልስ የገጽ ቁጥር ነበረ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ወጣሁ። በእግር ነው የወጣሁት። ጭነታቸው ወገባቸውን ያጎበጠው እንጨት ተሸካሚ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ፣ የሚሮጡ ስፖርተኞች ሽቅብ ሲወጡ፣ እኔ በመካከል እያለከለክሁ። ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ በመጣ ዘር የበቀለ ነው። ከላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ነጫጭ ጉልላት ያላቸው ሁለቱ የቴሌስኮፕ ቤቶች ቆመዋል። የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ መስተዋት አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ ከሩቅ ግን ጉልላቱን ቤተ ክርስቲያን ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ከአያቴ ጋር በቴሌቪዥን አይተናል። ክብደቷን ጠየቁኝ፤ 70 ኪሎ ያህል ናት አልኳቸው። «ከአንድ ኩንታል ጤፍ ታንሳለች እኮ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም መረጃዋን የሚቀበሉት እዚህ እንጦጦ ላይ መሆኑን ሲሰሙ «አንድ ቀን ይዘኸኝ ውጣ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ፈተና ነበረብኝ፤ ቀጥሎም ሌላ ፈተና ነበረብኝ።

ጨለማ እስኪሆን ድረስ ቁጭ አልኩ። ከታች የከተማው መብራት ስለ በዛ ሰማዩ እንደ ድሮው አይታይም፤ ግን ጥቂት ከዋክብት ነበሩ። ስማቸውን አላውቅም።

እንግዲህ አዘጋጁ ካዘዘኝ ከአራቱ ሦስቱን አስተዋውቄያለሁ። ስለ አራተኛው ከእናንተ ከአንባቢዎቼ አንድ ነገር ልለምን። በአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ፣ በወዳጅ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ወይም በየትም ቦታ፣ ሽፋን የሌለው፣ ጀርባው በጥቁር ክር በእጅ የተሰፋ፣ በመጀመሪያው ገጹ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ያረፈበት፣ ኅዳጉ በአማርኛ የእርሳስ ጽሕፈት የተሞላ የእንግሊዝኛ የከዋክብት መጽሐፍ ያየ ተማሪ ቢኖር፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለዚህ መጽሔት አዘጋጅ ይስጥልኝ። የተጠየቀውን ዋጋ እከፍላለሁ። ሙሉው ባይገኝ ገጽ 61 ብቻውን ይበቃኛል፤ ቆሎ የተጠቀለለበትም ቢሆን።